የክብሪት ቀፎ ከተማ

ባለፈው እሑድ ሁለቱ ልጆቼ ሳሎኑን ሙሉ በፕላስቲክ ጡብ ከተማ ሲሠሩ ዋሉና፣ አመሻሹ ላይ "ይህ መንገድ የኔ ነው፣ ያንቺ ከዚህ ወዲያ ነው" ተባብለው ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። ሌላ እናት ብትሆን ገላግላ ታስቀምጣቸው ነበር። እኔ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ ከወጥ ቤት ሮጬ መጥቼ ከተማቸውን በእግሬ በታተንኩት፣ ልጄንም በጥፊ አልኩት። ከተወለደ ጀምሮ እጄን አንስቼበት አላውቅም። እህቱ ጠቧን ረስታ፣ ከኔ ልትከልለው ላዩ ላይ ስትጠመጠም ሳይ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔና ጽጌ ከተማ ስንቆረቁር ፕላስቲክ የሚባል ነገር በእጃችን አልነበረም። ከሞላሌ ወጣ ብላ ያለችው መንደራችን ቤቷም አጥሯም ድንጋይ ነው፤ መንዝ ላይ ድንጋይና ብርድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ጡብ ያየነው ሞላሌ ገበያ የሄድን ቀን፣ ግንበኞች ጭቃ በእንጨት ቅርጽ እየጠቀጠቁ ፀሐይ ላይ ሲደረድሩ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ የክብሪት ቀፎ የምንለምነው ጎረቤት አልቀረንም። ጭቃውን በገብስ ጭድ አቡክተን፣ በቀፎው እያወጣን፣ ከበጎቹ በረት ጀርባ እናሰጣዋለን። የጥር ውርጭ ግማሹን ይሰነጣጥቀዋል፣ የተረፈው ቤት ይሆናል። ገበያውን ከቤተ ክርስቲያኑ አስበልጠን የሠራን ጊዜ የንስሐ አባታችን መምሬ ተክሌ አይተው አኮረፉን፤ ከሳቸው ጋር ለመታረቅ ብለን የሞላሌን ገበያ በግማሽ አፈረስነው።

ጽጌ የጎረቤታችን የጋሽ ደምሴ ልጅ ናት። ሁለታችንም አሥር ዓመታችን ነበር፣ እሷ ግን ከወዲሁ ዳኛ ነበረች። አንዱን እርምጃ አንድ ጣት እያለች፣ በሱፍ ፈትል ቋጠሮ ሳትለካ አንዲት ጡብ አታስቀምጥም። ከተማችን ውስጥ የሁለታችንም ቤት፣ በረቱ፣ የገብስ ማሳዎቹ፣ በማሳዎቹ መካከል ያለችው የቀጋ ቁጥቋጦ ሁሉ በልካቸው ነበሩ። ከቀጋዋ ሥር አንዲት ነጭ ጠጠር አኑራለች። ያቺ ወሰናችን ናት።

ያ ዘመን የመሬት ሽግሽጉ ሰሞን ነበር። ኮሚቴዎቹ ገመድ ይዘው መጥተው፣ ከአባቴ ማሳ ቆርሰው ለጋሽ ደምሴ ሰጡና ከቀጋዋ ሥር የወሰን ድንጋይ ተከሉ። አባቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። የአባቱ የአያቱ መሬት ነበር፣ እኔም እስከ ዛሬ አልፈርድበትም። አንድ ጧት በጎቹን ሳስወጣ ድንጋዩን አራት እርምጃ ወደ ጋሽ ደምሴ ገብቶ አየሁት። ልጅ ነኛ፣ ክፋቱ የት ይታየኛል! ከተማችን ልክ እንድትሆን ብዬ ጠጠራችንንም አራት ጣት ገፋሁት።

ጽጌ መጥታ መለሰችው። እኔ ገፋሁት። "ገመዱ ያረፈው እዚህ ነው!" ብላ ስትጮህብኝ ክንዷን ይዤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ ነከስኳት፤ እሷም ባነሳችው ጡብ ከንፈሬን ሰነጠቀችው። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን አልቻልኩም፤ እሷ የሌለችበት ከተማ የሙት ከተማ ሆነብኝ። ጠጠሩን ወደ ቀጋዋ ሥር መልሼ፣ በአጥሩ ላይ ጠራኋትና "እሺ፣ ያልሽው ይሁን" አልኳት። ዘላ መጥታ አንገቴን አቀፈችው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ድንበሩን ሊያዩ መጥተው ከበረታችን ጀርባ ተቀመጡ። አባቴ ድንጋዩን በእጄ አልነካሁም ብሎ ተከራከረ፤ ጋሽ ደምሴም ምስክር አጡ። ነገሩ ለሌላ ቀን ሊቀጠር ሲል መምሬ ተክሌ በመቋሚያቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ከተማችንን ያዩ ጀመር።

"ይቺ ጠጠር ደግሞ ምንድን ናት ልጄ?" አሉኝ።

"ወሰኗ ናት አባ! ጽጌ በገመዱ ልክ ነው ያስቀመጠቻት" አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

መምሬ አንዴ ጠጠሯን፣ አንዴ ማሳውን አዩና "ሕፃን አይዋሽም" አሉ። ጋሽ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ምላሳቸው ግን አያርፍም። ሳቁና "እንግዲህ የገዛ ልጅህ ፈረደችብህ!" አሉት አባቴን።

የአባቴ የወይራ ዱላ ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ ማሰሮ የተሰበረ ይመስል ነበር። ሽማግሌዎቹ "ተው! በመድኃኔ ዓለም!" እያሉ ሳይደርሱ ደገመው። ጋሽ ደምሴ በግንባራቸው ከተማችን ላይ ወደቁ። ደማቸው በቤቶቹ መካከል፣ እኔና ጽጌ በጣታችን በደለደልነው መንገድ ቁልቁል ወረደ። ጽጌ ፍርስራሹ መሐል ተንበርክካ፣ ጭቃ በያዘ እጇ የአባቷን ጭንቅላት ገጥማ ልትይዘው ትሞክር ነበር። በዚያው ሞቱ።

አባቴ ታሰረ። የጋሽ ደምሴ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ሲወለውሉ ታዩ ሲባል፣ እናቴ አሥራ አራት ዓመት የሆነው ወንድሜ እንዳይገደልባት ብላ ቤቱንም ማሳውንም ጥላ ደብረ ብርሃን አክስቴ ዘንድ አስገባችን። ጽጌን ደህና ሁኚ እንኳ አላልኳትም። ምን ብዬ?

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አባቴ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ደሙን ሊያደርቁ ሰበሰቡን። አባቴ፣ ሸብቶ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በሟች ቤተሰብ ፊት ተደፋ። የጋሽ ደምሴ ወንድሞች ፊታቸውን አዞሩ። ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ ያነሳችለት፣ "እግዚአብሔር ይማርህ" ያለችውም ጽጌ ናት። ከዚያ ወደኔ መጣች። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዛ አቆመችኝ፣ ሳመችኝ፣ በጆሮዬም እንዲህ አለችኝ፦

"ምነው ያን ቀን እሺ ባላልሽኝ። ጠጠሯን ገፍተሽ ብትተያት ኖሮ አባዬ ይኖር ነበር። መልሺ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ።"

አጎቷ ጠሯትና ሄደች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሽ ደምሴን የገደልኳቸው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።