ያዛወርኩት ቋጠሮ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ለፓስተሬም ለልጆቼም አልተነፈስኩም። እናንተ ስሙኝ።

ባለቤቴ ማርቆስ መምህር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከሀዋሳ እስከ ቱላ ከጓደኞቹ ጋር በብስክሌት ደርሶ ይመለሳል። የእነሱ አዲስ ነው፤ የእሱ አሮጌ። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው ሲጠብቁት፣ «መምህር፣ ይሄ ብስክሌት ነው ወፍጮ? ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያሉት ወፎች ሸሹ እኮ!» ሲሉት ሰማሁ። እሱ ሳቀ። እኔ አፈርኩ።

ለሥራ አዲስ አበባ የምሄድበት ቀን ሲደርስ ለሩጫ የሚሆን የኮርስ ብስክሌት ልገዛለት ወሰንኩ። ብስክሌት ጠጋኙ ላላሞ የማርቆስ የልብ ጓደኛ ነበር። ማርቆስን ባዶ እግሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የእግሩን ቁመት በዓሣ መረብ ክር ለካና ቋጠሮ አሰረበት።

«እህቴ፣ የብስክሌቱን ስም ተይው» አለኝ። «ብስክሌቱን አቁመሽ ከመሬት ለኪ። የላይኛው ብረት ከዚህ ቋጠሮ ካለፈ፣ ወርቅ ቢሆን እንዳትገዢ።»

አዲስ አበባ በገባሁበት ሱቅ ውስጥ ለክሩ የተስማማው ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ብስክሌት ነበር። ከጎኑ የማርቆስ ጓደኞች ሁልጊዜ የሚያወሩለት ስም በትልቁ የተጻፈበት ቆሟል። ለካሁት። ብረቱ ከቋጠሮው አራት ጣት አለፈ። ለማርቆስ ጫማ ስገዛ ቁጥሩን ሳልጠይቅ ገዝቼ አላውቅም። ይህን ግን ለክቼ፣ አይቼ፣ አውቄ ገዛሁት። ማን እንዲያይልኝ ነበር?

ማርቆስ፣ «ላላሞ ባለው ልክ ነው?» ሲለኝ፣ «በሱ ክር ለክቼ ነው የገዛሁት» አልኩት። መለካቱንማ ለክቼ ነበር።

ወር ሳይሞላ እጁ ይደነዝዝ፣ አንገቱ ይደርቅ ጀመር። ኮርቻውን ዝቅ አደረገ፤ መሪው ግን እንደራቀው ቀረ። ላላሞ ዘንድ ወስዶት ተቆጥቶ ተመለሰ።

«እኔ የሰጠሁት ልክ ይሄ አይደለም ይላል። እስቲ ክሩን አምጪው።»

ጓዳ ገባሁ። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። አራት ጣት ከፍ አድርጌ መልሼ ቋጠርኩት። እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። ማርቆስ ክሩን ተቀብሎ መስኮቱ አጠገብ ቆመ፤ አገላበጠው፤ በጣቱ ዳሰሰው። «ላላሞ አርጅቷል ማለት ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ በላላሞ ሱቅ በኩል አልፎ አያውቅም። ብስክሌቱም ኮሪደር ላይ ቆመ። ቅዳሜ እንደ ሌላው ቀን ሆነ።

ማርቆስ ባለፈው ክረምት በጉበት ሕመም አረፈ። ላላሞ ሦስቱንም ቀን ድንኳናችን ውስጥ ወንበር ሲደረድር ዋለ። በመጨረሻው ቀን አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ተሳስቼ ለክቼው ይሆናል፣ እህቴ። ሳንታረቅ ሄደ» ብሎ አለቀሰ። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። ይህኛው ከመጀመሪያው አይከፋም?

ክሩ አሁን ፊት ለፊቴ ነው። ናይለን ስለሆነ የፊተኛው ቋጠሮ ቦታ እስከ ዛሬ እንደታጠፈ ነው፤ መስኮት አጠገብ ሲይዙት በግልጽ ይታያል። ማርቆስ አይቶት ይሆን? አይቶ፣ እኔን ከሚያሳፍር ጓደኛውን ማጣት መርጦ ይሆን?

እሱን ልጠይቀው አልችልም። ላላሞ ግን አለ። ነገ ክሩን ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። ቋጠሮውን ወደ ቦታው አልመልሰውም፤ እንዳዛወርኩት ይየው።