በጆሮ የሚገዛ ጎመን

ትናንት ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጥሽልኝ እስር ጎመን በማዳበሪያ ክር ነበር የታሰረው። አንቺ ልብ ያልሽው አይመስለኝም። ነጩ ማዳበሪያ ጫፉ ሲተረተር የሚወጣው፣ ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ፣ በጥርስ ካልሆነ በእጅ የማይበጠስ ክር ነው። አመስግኜሽ ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ነገር ግን ክሩን ስነካካ የጎመኑ ግንድ ሽታ፣ ያ ከረር ያለ፣ ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚለው፣ ጣቶቼ ላይ ቀረ፤ ከሽታው ጋር አንድ ሰውዬ መጣብኝ። ይኸው ስንት ዓመት አልፎ ሰውየውን ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ቢሯችን ውስጥ ዝምተኛ ነሽ ትሉኛላችሁ። ዛሬ ግን ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ትምህርቴ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል። አትሳቂ። ፊደል የቆጠርኩት ጋምቤላ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ ጉልበቴ ከአግዳሚው ሥር አልገባ እያለ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጬ ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ ይሆናል፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። ወደ ጁባ ስንመለስ እኔ የያዝኩት ደብተሮቼን ነው። እናቴ የያዘችው በልብሷ ጫፍ የተቋጠረ የሐበሻ ጎመን ዘር ነው። ካምፑ አጠገብ ከሚኖሩ ሴቶች የለመነችው ነበር።

ዘሩን ከወንዙ ዳር በተሰጠን ቁራሽ መሬት ላይ ዘራችው። ገና ጀምበር ሳትወጣ ውሃ በጀሪካን እያመላለስን እናጠጣለን፤ ጭቃው ይቀዘቅዛል፣ ከማዶ የአሣ አጥማጆች ድምፅ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ቅጠሉ ላይ የተኛው ጤዛ ብርሃን ሲነካው እንደ ብር ይሆናል። ብርሃኑ ከፍ ሲል አከፋፋይዋ በሞተር ትመጣለች። ከወንዙ ዳር አትክልት ሁሉ እየለቀመች ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የምታወርድ ሴት ናት። የእናቴን ጎመን አንድ ቀን እንኳ አገላብጣ አይታው አታውቅም። «ዳ ገሽ ሳኪት» ትላለች በጁባ አረብኛ፣ ይሄማ ዝም ብሎ ሣር ነው ማለቷ ነው፤ ከዚያ የራሷን ዋጋ ትጠራና ከሌላው ሰው የትናንት ቅጠል ጋር ቀላቅላ እርጥብ ማዳበሪያ ታለብስበታለች። እኔን የሚያበሳጨኝ ዋጋው አልነበረም። መቀላቀሉ ነበር። እናቴ እያንዳንዱን ቅጠል መርጣ በጥፍሯ ነው የምትቆርጠው።

ከዚህ ያወጣችን አትላባራ በሚባለው የጁባ ሰፈር ሱቅ ያላት ኢትዮጵያዊት ናት። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሻማ፣ ሳሙና ትሸጣለች፤ ከጀርባዋ ግድግዳ ላይ ትልቅ የኢትዮጵያ ካሌንደር ተሰቅሏል። እናቴ ጨው ልትገዛ ስትገባ ባለሱቋ ከዘንቢሏ የወጣውን ቅጠል አይታ፣ መሃረቧን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ይሄ የአገሬ ጎመን አይደለም እንዴ? ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የዘራሁት።»

«ዘርተሽ የት ነው የምታደርሺው?»

እናቴ ነገረቻት። ባለሱቋ ቅጠሉን እያገላበጠች፣ «ይሄን ለሰው አሳልፈሽ የምትሰጪው ምን ሆነሽ ነው? እኛ እዚህ ከዩጋንዳ በመኪና ሲንገላታ የመጣ ቅጠል እያላመጥን። ነይ፣ እዚህ ደጄ ላይ ቁጭ በይና ራስሽ ሽጪ» አለቻት።

አከፋፋይዋ ይህን ስትሰማ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠች ሳቀች። «ሂጂ። ግን ራሴ ልሽጥ ብሎ የሄደ፣ ነገ ማማ ውሰጅልኝ ብሎ ሲመጣ የምቀበለው በሌላ ዋጋ ነው» አለች። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነበር። ጎመን ቢያድር ያረጃል። የሱቁ ደጅ ካልያዘልን የምንመለሰው ወደ እሷ፣ ያውም አንገታችንን ደፍተን ነው።

ደጁ ያዘልን። እናቴ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ ጎመኗን በሰፌድ ደርድራ ትቀመጣለች። ሸቀጧን አታሞግስም። ገዢ ሲመጣ አንድ ቅጠል ትመዝዝና ግንዱን ወደ ሰውዬው ጆሮ አስጠግታ ትሰብረዋለች። ቀጭ። «ሰማህ? ዛሬ ጠዋት» ትላለች፤ ሌላ ቃል የለም። ያደረ ግንድ ይተጣጠፋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም፤ ይህን የአትላባራ ሰው ሁሉ ከእሷ ተማረ። ሴቶቹ ገና ሳይደርሱ መሃረባቸውን ከጆሯቸው ገለጥ እያደረጉ ይመጡ ጀመር። አንድ ግንበኛ ደንበኛ ነበረን። ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጥና «ሚስቴ እንኳን እንዲህ አንሾካሹካልኝ አታውቅም» ይላል። እናቴ መልሳ፣ «ጎመን ይዘህላት ግባ፣ ታንሾካሹክልሃለች» ትለዋለች። እናቴን ሲያስቁ ያየሁት፣ እሷም ሰው ስታስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የዘራችውን የሚበላውን ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እያየች ነበር።

እኔ ግን አፈርኩባት። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ የታሸገ ዕቃ የተመረተበት ቀን ይጻፍበታል የሚል አንብቤ ነበር። የደብተሬን ወረቀት በማስመሪያ እኩል እኩል ቀደድኩ፤ በእያንዳንዱ እስር ክር ውስጥ ጎመኑ የተቆረጠበትን ቀን ጽፌ ሸጎጥኩበት። ቁጥሩን ብቻ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ።

«ጎመኑ ራሱ እየተናገረ ወረቀቱ ምን ይጨምራል?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ጆሮውን የማይሰጥ ሰውም አለ።»

«ጆሮውን የማይሰጥ ዓይኑን ይሰጣል ብለሽ ነው?»

የተረፈውን ጎመን በማግስቱ ስናወጣ የቀድሞውን ቁጥር አልለውጥም ነበር፤ ያደረ መሆኑን አንብበው ይግዙት ብዬ፣ እናቴም በግማሽ ዋጋ ትሰጠው ነበር። ሰዎች ይህን ወደዱት። ባለሱቋ ለሁሉም ታሳያለች፦ «አያችሁ፣ የተማረ ሰው ሲሸጥ!» ሦስት ሳምንት ያህል፤ በትክክል ለመናገር፣ ሃያ ሁለት ቀን፤ በጁባ ከእኔ በላይ የኮራ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሰውየው መጣ። የውጭ አገር ሰዎች የሚያድሩበት የአንድ ትልቅ ግቢ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበር። ነጭ መኪና፣ ደረቱ ላይ እስክሪብቶ። እናቴ እንደ ልማዷ ግንዱን ወደ ጆሮው ስታስጠጋ ራሱን ወደ ኋላ ስቦ ሸሸ፤ ጆሮውን በመዳፉ ጠረገ። አዎ፣ ጠረገው። እኔ ፈጠን ብዬ፣ ለእናቴ አፍሬ፣ ወረቀቱን በጣቴ አሳየሁት። «ቀኑ እዚህ ላይ ተጽፏል» አልኩት በእንግሊዝኛ። ሳያነብ ያለንን በሙሉ አስጭኖ ሄደ። እናቴ ባዶ ሰፌዷን በእጇ አራገፈችና ዛሬስ ወደ ቤት በጊዜ ነው አለች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መኪናው ተመለሰ። ማዳበሪያውን በእናቴ እግር ሥር ዘረገፈው፤ ቅጠሉ አፈር ላይ ተበተነ። አንዱን እስር አንስቶ ወረቀቱን ለሰው ሁሉ ያሳያል።

«ዛሬ ሃያ ነው። እዚህ ላይ የተጻፈው አሥራ አንድ ነው። የዘጠኝ ቀን ጎመን። እኔ አይደለሁም የጻፍኩት፣ ራሳቸው ናቸው። አለቃዬ ፊት አዋረዱኝ።»

የገባኝ ያኔ ነው። ካምፕ ውስጥ ቀን የተማርኩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ጁባም ገብቼ የግል ደብተሬን በዚያው ነበር የምጽፈው። ደንበኞቻችን ሁሉ ኢትዮጵያውያን፣ ወይም እንደኛ እዚያ ያደጉ ስለነበሩ አንድም ሰው አልተደናገረም። በእኔ ደብተር ያ ቀን አሥራ አንድ ነው። በእሱ ስልክ ሃያ።

ባለሱቋ እየሳቀች ወጣች፤ በቀላሉ የሚያልፍ መስሏት ነበር። ካሌንደሩን ከግድግዳው ነቅላ ይዛ፣ «ወንድሜ፣ ቆይ፣ እየው፤ በእኛ አቆጣጠር ዛሬ አሥራ አንድ ነው፤ ትንሿ ቁጥር ናት የአንተ» አለችው።

ካሌንደሩን አየው። ከዚያ ለቆሙት ሰዎች ዞሮ፣ «ሁለት ቀን አላቸው ማለት ነው። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኛ» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ። ብዙ አይደሉም፤ የሞተር ታክሲ ነጂዎች፣ መንገድ አላፊዎች፣ ከእኛ ገዝተው የማያውቁ። ባለሱቋ ቅጠሉን እንዲነካው ለመነችው፤ ፍሪጅ ውስጥ አቆይታችሁት ነው አላት። ቤታችን አምፖል እንኳ አልነበረም።

የማልተወው ይህን ነው፣ ገባሽ? ግንዱ በእጁ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ወረቀቱን አመነ። ዘጠኝ ቀን ያደረ ጎመን ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሰው በማን ፈቃድ ነው የወጥ ቤት ኃላፊ የሚሆነው? ቢጫ ይሆናል፣ ይጠወልጋል፣ ይሸታል። ሕፃን ያውቀዋል። እሱ ግን የሚጠብቀው ሴትዮዋ ስታታልል መያዝን ነበር፤ የጠበቀውን የሚመስል ነገር ሲያገኝ ሌላውን ሁሉ ማየት ተወ።

እናቴ ከበርጩማዋ ተነሣች። ከአፈሩ ላይ አንድ ቅጠል አንስታ በልብሷ ጠረገችው፤ ወደ ሰውየው ቀረበችና እጇን ወደ ጆሮው አነሣች። «ስማው» አለችው። እሱ ወደ መኪናው እየሄደ ነበር። ግንዱን ሰበረችው። ሞተሮች እየጮኹ ስለነበር እኔም አልሰማሁትም።

እኔስ? እንግሊዝኛ እችላለሁ፣ አማርኛ እችላለሁ፣ አረብኛው አይጠፋኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ ማንበብ እንኳ አትችልም ብል ምን ነበረበት? በሦስቱም ቋንቋ ዝም አልኩ። ግድግዳውን ተደግፌ፣ ከአሥራ አንድ እስከ ሃያ በጣቶቼ እየቆጠርኩ፣ ልክ መሆኑን አረጋገጥኩ።

የድሮዎቹ ደንበኞች መምጣታቸውን አልተዉም። ግን የሞተር ነጂዎቹ ባለፉ ቁጥር «ማማ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ይላሉ። ባለሱቋ «ተያቸው፣ ይረሱታል» ትላታለች። በሦስተኛው ቀን እናቴ ግንድ መስበሯን ተወች። ግንበኛው እንደ ልማዱ ጆሮውን ሰጥቶ ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ እሷ እስሩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። በማግስቱ ጠዋት አከፋፋይዋ ወንዙ ዳር አገኘችን። «ባለ ካሌንደሯ፣ እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ እርጥቡን ማዳበሪያ ገለጠች። እናቴ ጎመኗን ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለችው። አንድም ቀን፣ እስከ ዛሬ፣ «ወረቀትሽ» ብላኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እዚህ ቢሮ የሰው ሪፖርት አርማለሁ። አነስተኛ አምራቾችን በቀጥታ ከሸማቹ ጋር ስለማገናኘት በየወርክሾፑ የሚጻፈውን ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ምርት ላይ ቀን መጻፍ አመኔታን ይጨምራል የሚል መስመር ሲመጣ ነጠላ ሰረዙን አስተካክዬ አልፋለሁ።

ወንዙ ዳር ያለው መሬታችን ዛሬ ግንብ ታጥሮበታል። እናቴ እዚሁ ጁባ፣ ጀበል ኩጁር ኮረብታ ሥር ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ጮክ ብዬ ካልሆነ አትሰማኝም። ትናንት አመሻሽ ላይ ጎመንሽን ይዤላት ገባሁ። ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የኮረብታው ጥላ ወደ ቤታችን ሲወርድ እያየች ነበር። እንዴት እንዳሰብኩት አላውቅም፤ አንድ ቅጠል መዝዤ ግንዱን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁና ሰበርኩት። እንደ ድሮው ቀጭ አላለም፤ ቢልም የሚሰማት አይመስለኝም። ግን ፈገግ አለች፤ የተሰበረውን ከእጄ ወስዳ በአውራ ጣቷ ጫፉን ዳበሰችው።

«የትናንት ነው» አለች።

«የዛሬ ነው ብለው ነው ለቢሮ ጓደኛዬ የሸጡላት፣ እማ» አልኩ ጮክ ብዬ።

«የትናንት ነው። በግማሽ ዋጋ ነበር የሚሸጠው።» ቅጠሉን ጭኗ ላይ አስተካክላ አኖረችው። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «አንቺ ብትሆኚ ቀኑን ትጽፊበት ነበር» አለችኝ።