ለአንዲት ሴት የተሠራ መጸዳጃ ቤት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የምጽፈው ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ደመወዝ ስቀበል። አሁን የጀመርኩት አብረውኝ የሚሠሩት ይህን ታሪክ ሲያወሩ እኔን ደፋር ስለሚያደርጉኝ ነው። ደፋር አይደለሁም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ሰፈሬን አልፌ ወርጃለሁ።

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ በሚሠራ ፎቅ ላይ ባሬላ እሸከማለሁ። እኔ ከኋላ እይዛለሁ፤ ከፊት አፉ የማያርፍ የአራዳ ልጅ አለ። አሸዋም ሆነ ኮንክሪት የምናመላልሰው እሱ እያወራ፣ እኔ ዝም ብዬ ነው። ሌላዋ ሴት ወልዳ ከቀረች በኋላ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን መሐንዲሱ ሰበሰበን። ሕንፃው የተጀመረው በድሮው ደንብ ነው፤ ደንቡ ስለተለወጠ ከእንግዲህ በአዲሱ ይቀጥላል አለን። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ይሰፋል። መግቢያው ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ ይሠራል። ሴት ሠራተኛ ካለች ለብቻዋ መጸዳጃ ቤት ይኖራታል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህን ካላየ ሥራው ይቆማል።

ፎርማናችን ራሱን ያዘ። «ደረጃውን ትናንት እኮ ነው የጨረስነው! ለምንድነው የሚሰፋው? ሰርገኛ ሊወጣበት ነው?»

«እሳት ቢነሳ ሁላችንም እንድናመልጥ ነዋ» አለ የባሬላ ጓደኛዬ። «ጋሼ፣ አሁን ባለው እርስዎ ከቀደሙ እኛ ተቃጠልን።»

ፎርማናችን ወፍራም ነው።

ደረጃው በመዶሻ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። መወጣጫውም ተሠራ፤ ከማንም በፊት የወደድነው እኛ ባሬላ ተሸካሚዎቹ ነን። መጸዳጃ ቤቱን ግን ፎርማኑ ሲያስብበት ሰነበተና አንድ ቀን ማታ መውጫ ላይ ጠራኝ።

«ስሚኝማ እህቴ» አለኝ። እህቴ ሲል ጥሩ ነገር አይከተልም። «ደንቡ ሴት ካለች ነው የሚለው። ከሌለች የለም። ተቆጣጣሪው ነገ ይመጣል። እስኪሄድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ በይ፤ ከዚያ የቀን ሒሳብሽን ትወስጃለሽ። ከታየሽ ግን ሥራ የለም።»

እሺ አልኩ። ከዚህ በፊት ሰው ቤት ተቀጥሬ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የምተኛው። ይሄ ሥራ ከቀረ ወደዚያው መመለሴ ነው።

በማግሥቱ ከተከመረው የፌሮ ብረት ጀርባ ተደብቄ ተቀመጥኩ። ይመጣል የተባለው ተቆጣጣሪ ሴት ሆና መጣች። ፎቁ ባዶ ስለሆነ የምትለውም የምታደርገውም ሁሉ እላይ ድረስ ይሰማል። ደረጃውን ለካች። መወጣጫውን ወጥታ ወረደች። ፎርማኑ ደስ እንዲላት ለስላሳ አቀረበላት፤ ጠጣች። ሌላ ደገመላት፤ እሱንም ጠጣች።

«የሴቶች መጸዳጃ የት ነው?»

«እዚህ ሴት የለችም እመቤቴ።»

«እኔስ?»

«የወንዶቹ እንግዲህ... በር ገና አልገጠምንለትም» አለ ፎርማኑ።

በደረጃው ክፍት ቁልቁል አየሁ። አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው እግሯ ትቆማለች። ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የምቆመው እንደዚያ ነው። ብወርድ ፎርማኑ ከነገ ጀምሮ በበሩ እንደማያሳልፈኝ አውቃለሁ፤ ግን ቁጭ ብዬ ማየት ስላልቻልኩ ወረድኩ።

«እኔ የምሄድበት አለ፤ ላሳይዎት» አልኳት። ለራሴ እንኳ በቅጡ አልተሰማኝም፤ እሷ ግን ሰማች።

እሪ በከንቱ፣ ተከራይቼ እስከምኖርበት ግቢ ይዣት ሄድኩ። ቁልቁለቱን ሄልሜቷን እንዳደረገች በሩጫ ነው የወረደችው። ስንደርስ የግቢው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ሰልፍ አለ። ቁልፉን የሚይዙት አከራዬ ከእግር እስከ ሄልሜቷ አዩዋትና «ይህቺ ደግሞ ቤታችንን ልታፈርስ ነው?» አሉ።

«ኧረ እማማ፣ ሽንቷ መጥቶ ነው!»

ይህን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ ቅድሚያም ሰጣት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዳገቱን ስንመለስ በቀን ስንት ጊዜ እንደምመላለስ ጠየቀችኝ።

«ውሃ ስለማልጠጣ አንዴ ይበቃኛል» አልኳት።

ፎርማኑን ስታገኘው «የሴቶቹ እስኪሠራ አንድ ድንጋይ አይነሳም። ሲያልቅ በሩን ከፍታ የምታሳየኝ ይቺ ልጅ ናት» አለችው።

ተሠራ። ከሕንፃው ሁሉ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው። ሴራሚክ አለው፣ መስታወት አለው። ቁልፉን በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት፤ ጓደኛዬም «የቤት ባለቤቷ» ይለኝ ጀመር። ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ መጣች። ከፈትኩላት፤ ገብታ ቆየች፤ ወጥታ ፈረመች።

ከተፈረመ በኋላ ግን ፎርማኑ ከእኔ ምን ጉዳይ አለው? ቅዳሜ፣ ሠራተኛው ልብሱን ሲቀይር ጠራኝ።

«እህቴ» አለ። «ቁልፉ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

መሬት መሬት እያየሁ ክሩን ከአንገቴ አውጥቼ ዘረጋሁለት። እሱ የወንዶቹ መጸዳጃ ፊት የተሰለፉትን አየ፤ ግራና ቀኙን አየ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ኧረ መልሰሽ አንገትሽ ላይ አድርጊው! አሁን ቶሎ ክፈቺልኝ፤ ሰኞም እንዳትቀሪ።»