ከሳጥኑ በላይ የተቀበረው

ሶፋ ሠሪው ወታደር ሳለ ሥራው ፈንጂ መቅበር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ወስፌና ክር ይዞ የሰው ሶፋ ማደስ ጀመረ፤ ልጆቹንም በዚያው አሳደገ። ስለ ጦር ሜዳ ለጠየቀው ሁሉ «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ጨርቁን መወጠሩን ይቀጥላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጦር ጓደኛው የነበረ ሾፌር ሱቁ ድረስ መጣ። ድሮ «ጉልቤ» የሚሉትን፣ ዛሬ ግን ነፋስ የሚወስደውን ሌላ ጓደኛቸውን አስከትሏል። ሠራዊቱ ሲያፈገፍግ ሦስቱ ከተቃጠለ ባንክ ያወጡትን የወርቅ ሳጥን ወንዝ ዳር፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር ቀብረው ነበር። ሌላ ሰው እንዳይነካውም ሶፋ ሠሪው ፈንጂ አጥምዶበታል።

«ሳንሞት እናውጣው እንጂ!» አለ ሾፌሩ። «ደግሞ ያለ አንተ ማን ይደፍረዋል?»

ሴት ልጁ ከጓዳ ሰማች። «አባዬ፣ ብርጭቆ ስትይዝ እንኳ እጅህ ይንቀጠቀጣል እኮ!»

«እኔ ብቀር እነሱ መሄዳቸው አይቀርም፣ ልጄ። ከዚያ ደማቸው በማን ራስ ይሁን?»

ሦስቱ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዛፉ ቦታው ላይ ነበር። ወንዙ ግን ዳርቻውን በልቶ አፈሩን አገላብጦታል። ሶፋ ሠሪው ይህን ሲያይ ጓደኞቹን በእጁ አገዳቸው፤ ጎርፍ የነካው ፈንጂ የት እንዳለ የቀበረውም አያውቅም።

«በእኔ ዱካ ብቻ!» አላቸውና በደረቱ ተኝቶ አፈሩን በረጅሙ ወስፌ ቀስ እያለ መውጋት ጀመረ። አሸዋ። የዛፍ ሥር። ድንጋይ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

ሾፌሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «ያውና! የሳጥኑ ጠርዝ ታየኝ!» ብሎ ከዱካው ወጣ።

«ቁም!»

ከሾፌሩ ተረከዝ ኋላ የዛገ ክብ ነገር ካፈሩ ብቅ ብሏል። ትንሽ ወደ ኋላ ቢል አለቀለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወንድሜ፣ ልወድቅ ነው።»

«አትወድቅም። ጉልቤ፣ ክንዱን ያዘው! ሳበው አላልኩህም፣ ያዘው ብቻ!»

ሶፋ ሠሪው እየዳኸ ተጠጋ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ፈንጂውን ሊነካ አልደፈረም። የሾፌሩን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጁ ጨብጦ ቀጥ አድርጎ አነሳና ዱካው ላይ አሳረፈው። ከዚያ ሌላኛውን እግር።

ሾፌሩ ትንፋሹ መለስ ሲልለት እንደገና ወደ ሳጥኑ ቀና አለ። «እጄን ብዘረጋ እኮ እደርስበታለሁ...»

«ዘርጋ! እጅህን ግን እዚሁ ትተኸው ትሄዳለህ!»

ሾፌሩ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቦታውን በቀይ ጨርቅ አጥረው ለፖሊስ ተናገሩ። ባለሙያዎች መጥተው ፈንጂዎቹን አመከኑ፤ ሳጥኑም ከነወርቁ ለመንግሥት ገቢ ሆነ። ለሦስቱ ምስጋና ደረሳቸው።

ሾፌሩ አኮረፈ። ክረምቱ እስኪወጣ የሶፋ ሠሪውን ደጅ አልረገጠም። አንድ ጠዋት ግን እያነከሰ ገብቶ፣ ተቀመጥ ሳይሉት ተቀመጠ።

«ይሄ ቁርጥማት ቀኝ እግሬን ጨረሰው።»

«ተመስገን በል» አለው ሶፋ ሠሪው ከሥራው ቀና ሳይል፣ «የሚቆረጥምህ እግር አለህ።»

ሾፌሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው።