እህቴ የገዛችው የሳተላይት ሰዓት

ታናሽ እህቴን ሩጫ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድመሰገን አይደለም። በኋላ ያደረግኩባትን ሳወራ ነገሩ ከየት እንደ ጀመረ እንዲታወቅልኝ ነው።

እሷ ለትምህርት ስቶክሆልም ስትመጣ እኔ እዚህ ሰባት ዓመት ኖሬ ነበር። የምኖረው ቮርቢ ጎርድ፣ የምሠራው ደግሞ ፋርስታ ነው፤ ሄምትየንስት በሚሉት ሥራ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ወገቤን ሲያመኝ ሐኪሙ "ተንቀሳቀሺ" ቢለኝ መሮጥ ጀመርኩ፤ ሳላስበው ሱስ ሆነብኝ። ከሕንፃችን ቁልቁል እወርድና እታች ያለውን ሐይቅ ዙሪያውን ዞሬ፣ በጫካው ዳገት በኩል ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ስዊድናዊ ሽማግሌ ደረጃው ላይ አገኙኝና፣ "ሐይቁን ትዞሪያለሽ? ጎበዝ! እሱ እኮ አንድ ሚል ይሆናል" አሉኝ። የስዊድኖች ሚል አሥር ኪሎ ሜትር ነው። "ይሆናል" የምትለዋን ቃል እዚያው ደረጃው ላይ ትቼ፣ "አንድ ሚል"ን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አሥር ኪሎ ሜትር በሃምሳ ስምንት ደቂቃ የምሮጥ ሴት ሆንኩ። ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። በስልክ ለእናቴ ነገርኩ፤ እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው።

እህቴ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዳገቱ ላይ ስትደርስ ጎኗን ይዛ ትቆም ነበር። "እታለም፣ ተይኝ፤ እዚሁ ልሙት" ትለኛለች። እኔ ጫፉ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እህቴን ከልቤ እወዳት ነበር፤ ከኋላዬ ስትሆን ደግሞ ይበልጥ።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ በከተማው ማዶ፣ ሶልና፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ያዘች፤ ቤትም እዚያው ተከራየች። በእኔ ሰባት ዓመት ውስጥ ያልሆነው በእሷ ሁለት ዓመት ውስጥ ሆነ። እግሯም አብሮ በረታ። እሑድ እሑድ እየመጣች አብረን ስንሮጥ፣ ዳገቱ ላይ ጀርባዋን ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ብዙም አትርቀኝም፤ አምስት ስድስት እርምጃ ብትቀድመኝ ነው። "እኔም እኮ አልሰነፍኩም" እያልኩ እጽናና ነበር።

አንድ የፀደይ እሑድ የክብሪት ሣጥን የሚያህል ነገር እጇ ላይ አስራ መጣች።

"ምንድን ነው እሱ? የደም ግፊት መለኪያ?" አልኳት።

"ሰዓት ነው። ከሳተላይት ጋር ይገናኛል። ስንት እንደሮጥሽ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጥሽ፣ ሁሉን ይነግርሻል።"

ከበሩ ፊት ለፊት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ሳተላይት እስኪያገኝላት ቆመች። እኔ እየተቁለጨለጭኩ ጠበቅኩ። ከዚያ ሮጥን፣ ሐይቁን ዞርን፣ ዳገቱን ወጣን፣ በሩ ጋ ስንደርስ አንዱን ቁልፍ ተጫነች።

"ምን አለ?"

"ተይው፣ እታለም።"

"ንገሪኝ እንጂ!"

"ስምንት ነጥብ ስድስት ይላል።"

ማሽኑ ተሳስቷል አልኳት። ጫካው ውስጥ ሳተላይቱ አያየንም፤ ዛፉ ይጋርደናል አልኳት። እሷም "ይሆናል" አለችኝ፤ ያቺን ቃል ጠላኋት። በሚቀጥለው እሑድ ስምንት ነጥብ ስድስት። በሚቀጥለውም ስምንት ነጥብ ስድስት።

ይህ በእኛ መካከል ቢቀር ኖሮ እችለው ነበር። ግን እህቴ አዲሱን ቤቷን ልታስመርቅ ወዳጆቻችንን የጠራች ዕለት፣ ጨዋታው ሲሞቅ፣ "የእታለም አሥር ኪሎ ሜትር እኮ ስምንት ተኩል ናት!" ብላ አወራችው። አንዱ እንግዳ "ምን ችግር አለው፣ የሐበሻ ሚል ናታ!" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ላይ በዚያው ሳምንት ለእናቴ ስደውል፣ "እህትሽ እኮ እጇ ላይ ሳተላይት አስራለች አሉ! የት እንዳለች ከሰማይ ያይዋታል!" አለችኝ።

"እኔስ እማዬ?"

"አንቺማ ምን ጊዜም ጎበዝ ነሽ" አለችኝ፤ ቸኩላ ስለ እህቴ ሥራ መጠየቋን ቀጠለች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እግሬ ፋርስታ የገበያ ማእከል ውስጥ ወዳለ የስፖርት ዕቃ መደብር ወሰደኝ። ሰዓቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዋጋውን ሳይ አንገቴን ወደ ኋላ ሳብኩ፤ የወር ደሞዜን ሩብ ይወስዳል። ሻጯ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች፣ እሷም ሯጭ እንደሆነች ከእግሯ የሚያስታውቅ ሴት ናት።

"ለምን ፈለግሽው?" አለችኝ።

"ለማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

"በሳምንት ስንት ጊዜ ትሮጫለሽ?"

"ሦስት ጊዜ።"

"በተለያየ መንገድ?"

"አይ፣ ሁልጊዜ በአንዱ።"

ትንሽ አሰበችና፣ "እንግዲያው መንገድሽን አንድ ጊዜ በሳይክል ለኪው። ከዚያ በኋላ ይህቺ ትበቃሻለች" ብላ ደቂቃ ብቻ የምትቆጥር ርካሽ የእጅ ሰዓት አሳየችኝ። የተናገረችው እውነት ነበር። እኔ ግን "አይታኝ፣ አቅም የላትም ብላ ነው" ብዬ ተቀይሜ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ክርክር ነበር፤ ከራሴ ጋር። አልጋ ላይ፣ ባቡር ላይ፣ የሰው ጀርባ እያጠብኩ እከራከራለሁ። ለጤናዬ አይደል እንዴ? ሌላው ሰው ሶፋ ይቀይራል፣ እኔ ለራሴ ምን ገዝቼ አውቃለሁ? ይህ አንዱ ወገን ነው። ሌላው ወገን ደግሞ፣ "ሴትዮ፣ የምትዞሪው ያው ሐይቅ ነው፤ ሰዓቱ ሐይቁን አያሰፋልሽም" ይላል። ሐቁ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበረም። ሰዓቱን በዓይነ ኅሊናዬ ባሰርኩት ቁጥር የማየው የእኔን እጅ አልነበረም። የእህቴን ፊት ነበር። ከእሷ የሚሻለውን፣ በዋጋም የሚበልጠውን ሞዴል አስሬ ስወርድ ምን እንደምትል ነበር የማየው። መደብሩ ሁለተኛ ሄጄ የጠየቅኩትም ያንኑ ነው፤ "ከዚህ የሚበልጥ አላችሁ?"

ገና ሳልወስን እህቴ ለሥራ ዮተቦሪ ወደሚባል ሌላ ከተማ ልትሄድ ሆነ። እሑድ አብረን ሮጥን፣ እኔ ጋ ታጥባ ለባብሳ ወደ ባቡሯ ሮጠች። መታጠቢያ ቤት ስገባ ሰዓቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ደወለች፤ "እታለም፣ እዚያው አስቀምጪልኝ፣ ዓርብ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

ሰኞን ታገስኩ። ማክሰኞ ተረኛ የምሆነው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጧት አስሬው ወጣሁ። ሐይቁን ዞሬ በሩ ጋ ስደርስ ስምንት ነጥብ ስድስት ይላል። አልቆምኩም። የመኪና ማቆሚያውን መዞር ጀመርኩ። አንዲት ልጇን በጋሪ የምትገፋ ሴት ቆማ አየችኝ። ቁጥሩ አሥር እስኪሞላ ዞርኩ፣ ዞርኩ። አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ። ለካ አሥር ኪሎ ሜትር በዕድሜዬ ሮጬ አላውቅም ነበር።

ቤት ገብቼ የእኔን ሩጫ ላጠፋ ቁልፎቹን ስነካካ የእሷ መዝገብ ተከፈተልኝ። ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ፍጥነቱ። ረቡዕ ረቡዕ ሶልና ብቻዋን የሮጠችው አለ፤ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር፣ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ አንዴም ሃያ አንድ። ለእኔ አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ የእሑዶቹን አየሁ። ብቻዋን አንዱን ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ የምትሮጥ ልጅ፣ ከእኔ ጋር ስትሆን በሰባት ደቂቃ ትሮጣለች። አምስት ስድስት እርምጃ ብቻ የቀደመችኝ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ብላ እያዘገመች ኖሯል።

ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ ጨለመ። ቁልፉን ስጫን ሰዓቱ "ሁሉም ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀኝ። በስሕተት ነው የተጫንኩት ብል ማንም ያምነኛል። ግን ጥያቄው ገብቶኛል። "አዎ" አልኩት። ደግሞ "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለተኛ ጊዜ "አዎ" አልኩት።

ዓርብ መጥታ ወሰደችው። ቅዳሜ በስልክ እያለቀሰች፣ "እታለም፣ ሰዓቱ ሁሉንም አጠፋብኝ!" አለችኝ።

"ኮምፒውተርሽ ላይ አልገለበጥሽውም?"

"ከገዛሁት ወዲህ አንዴም አልገለበጥኩም። ያ ሁሉ ልፋቴ!"

"እንግዲህ የማሽን ነገር" አልኳት።

በሳምንቱ ሳትደውል መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። "የገዛሁበት ቦታ ወስጄ አሳየኋቸው። በራሱ አይጠፋም፣ ሰው ሁለት ጊዜ መጫን አለበት አሉኝ" አለችና አየችኝ። አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምናልባት እዋሽ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"በስሕተት?"

"አይደለም።"

እህቴ ስትቆጣ ድምጿን አትጨምርም፤ ዝቅ ነው የምታደርገው። "እማዬ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? 'እህትሽን አታዪያትም እንዴ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ትሮጣለች፣ አንቺ ከአልጋ አትነሽም።' እዚህ የመጣሁ ጊዜ የሮጥኩት ያንቺን አሥር ልደርስበት ነው። እሱም ውሸት ሆኖ ተገኘ፤ ይሁን። የእኔን እውነት ምን አደረገኝ ብለሽ አጠፋሽው?"

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ሄደች። ስድስት ሳምንት አልተነጋገርንም። እሑድ ሲመጣ ብቻዬን እወጣና ግማሽ መንገድ ሳልደርስ እመለሳለሁ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሶልና ሄድኩ። ከመሥሪያ ቤቷ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቅኳት። ስታየኝ እናታችን የሞተች መስሏት ክው አለች።

"ሁሉም ደኅና ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ቀንቼ ነው። ሥራሽን፣ ቤትሽን፣ እግርሽን፣ ሁሉን ነው የቀናሁብሽ። ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ ስታዘግሚልኝ መኖርሽ ነው።"

ወደ ትራሙ ማቆሚያ ሄደች፤ እኔም ከኋላዋ። እዚያ ስንደርስ፣ "ያዘገምኩት አዝኜልሽ መሰለሽ?" አለችኝ። "ስንሮጥ እናወራለን እኮ። ሌላ ቀን በአማርኛ የማወራው ሰው የለኝም። ብሮጥ ከማን ጋር ላወራ ነው?" ከዚያ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ትራም ሲጠብቁ የነበሩት ሰዎች ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

መደብሩ ሦስተኛና የመጨረሻ ጊዜ የሄድኩት በዚያ ሳምንት ነው። ሻጯ ሰዓቱን ከሣጥኑ አውጥታ እጄ ላይ አሰረችልኝ። ከበደኝ። "ለማራቶን አይደለም። እህቴ ስላላት ነው" አልኳት። ሴትዮዋ ሳቀች፤ "እኔም ታላቅ እህት አለችኝ" ብላ ከእጄ ላይ ፈታችው። ሰዓቱ መጥፎ አልነበረም። ለእህቴ ዋጋው ተገቢ ነበር፤ በየጊዜው አዲስ መንገድ የምትፈልግ፣ ቁጥሯን የምትከታተል ሰው ናት። እኔ ግን የምፈልገውን አንድ ቁጥር አስቀድሜ አውቄዋለሁ። ርካሿን ሰዓት ገዝቼ ወጣሁ። የጎደለውን ለመሙላት፣ ሐይቁን ስጨርስ ሰው ወደሚዋኝበት ዳርቻ ወርጄ የምመለስበትን መንገድ እህቴ በሰዓቷ ለካችልኝ፤ አሁን አሥር ሞልቷል።

በበጋው ማብቂያ ከተማው ውስጥ በሚደረግ አሥር ኪሎ ሜትር የሴቶች ሩጫ ተመዘገብን። ከመነሻው በፊት፣ "ዛሬ አታዘግሚልኝ" አልኳት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። ገና ሁለት ኪሎ ሜትር ሳንደርስ ጀርባዋ ከሰው መካከል ጠፋብኝ። ቀናሁ፤ እንደ ድሮው። ቅናት በአንድ ይቅርታ የሚለቅ ነገር አይደለም። ከእሱ ጋር ሮጬ በአንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ገባሁ።

ሣሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ አገኘኋት። ተረከዟ ተልጦ ደምቷል። አጠገቧ ተንበርክኬ ከቦርሳዬ ፕላስተር አወጣሁ። እሷም እግሯን ጭኔ ላይ ዘርግታ፣ "ቀስ በይ፣ ያቃጥላል" አለችኝ።