እትዬ ዘሀራና ወንዱ ፓፓያ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ሄጄ ከመናኸሪያው ወደ እናቴ ቤት በእግሬ ስወርድ፣ አመሻሹ ላይ የወንድ ፓፓያ አበባ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ሽታው ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔን አናደደኝ።

እትዬ ዘሀራ የግድግዳ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ከድር በርበሬ ነጋዴ ነው፤ ከእንሴኖ ገበያ ጆንያውን ጭኖ ሲመለስ ሰፈሩን ሁሉ ያስነጥሰው ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ጉድለቱ የማን እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም፤ መልሱ እሷ ነበረች።

ጓሮዋ ፓፓያ ነበራት። ልጅ ሳለሁ ብድግ አድርጋኝ አበቦቹን ታሳየኝ ነበር። የሴቷ ግንዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ሆዱ ውስጥ ድብልብል የምትል ጅምር ፍሬ አለች። የወንዱ በረጅም ቀንበጥ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ሽታና ብናኝ እንጂ ፍሬ የለውም። ብናኙ በነፋስ ወይም በእሳት ራት ሴቷ ዘንድ ካልደረሰ ጅምሯ ትረግፋለች። ይህን ያወቀችው መስቃን፣ አባቷ ጓሮ ነው።

አንድ ቀን ከድር መጥረቢያ ይዞ ወጣ። የማያፈራ ዛፍ መሬት ይበላል አለ። እሷ ግንዱን ይዛ ቆመች።

«ወላሂ፣ ወንዱ እኮ ነው። እሱ ከሌለ ሴቶቹም አይዙም።»

ዛፍ ደግሞ ወንድና ሴት አለው እንዴ ብሎ እየሳቀ ቆረጠው። ጎረቤቱም የየራሱን እንዲሁ ቆርጦ ስለነበር በሰፈሩ ሌላ ወንድ አልቀረም።

በዓመቱ የሴቶቹ አበባ እየረገፈ ግንዱ ሥር ተነጠፈ። የባሏ ዘመዶች ምክንያቱን ለማግኘት አልተቸገሩም፤ የዘሀራ እጅ የነካው ሁሉ ይመክናል አሉ። ከድር ፈታትና ሌላ አገባ።

ስትሄድ እናቴን ልትሰናበት መጣች። ወንዱ ሳይቆረጥ ከበላነው ፓፓያ ያደረቀችውን ዘር በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻት።

«አበባው ሲረግፍ ሴቷን ነው የሚያዩት፣ እህቴ» አለቻት።

መሃን የተባለችን ማን ያገባል? አባቷ ቤት ብቻዋን ኖራ እዚያው ሞተች። ሁለተኛዋም ሚስት አልወለደችም፤ ተፈታችና ሦስተኛ አገባ። አሁንም ከድርን ቀና ብሎ ያየው የለም።

ያን ምሽት ሽታውን ተከትዬ የደረስኩት እናቴ ጓሮ ነው። እናቴ ከእትዬ ዘሀራ ዘር ያራባችው ወንድ ፓፓያ አጥሩን አልፎ በከድር ግቢ ላይ አብቧል። እዚያ ማዶ የቆሙት ሴቶቹ ፓፓያዎች ፍሬ ተሸክመው ጎብጠዋል። ከድር አርጅቶ ከሥራቸው ተቀምጧል። ሰላም ስለው አንድ የበሰለ አውርዶ በአጥሩ ላይ አቀበለኝ።

«የአሁኗ ሚስቴ እጇ በረካ ነው» አለኝ። «ልጁ ብቻ እምቢ አላት።»

አለን አላለም፤ አላት ነው ያለው። ምላሴ ላይ የመጣውን ለሽምግልናው ስል ዋጥኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ቤት ገብቼ ፓፓያውን ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ ጥቁር ዘር ጢም ብሎ ሞልቶበታል።