በመስቀል ያጎረስኳቸው አይጦች

ትናንት ክሊኒክ ያለችው ነርስ፣ «ጋሼ፣ ነገ የደም ቅባትዎን ስለምንለካ ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። የተቀየመች መሰለኝ። እኔና የደም ቅባት የቆየ ጉዳይ እንዳለን በምን ታውቃለች!

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከጎጃም ወደ ቦንጋ ተመድቤ በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ አይጥ እጠብቅ ነበር። አለቃዬ ዶክተር አስቴር የዚያው አካባቢ፣ የማንኪራ ተወላጅ ናቸው። የሚመራመሩት፣ ፕሮቲን ላይ ተጭኖ በደም የሚዞረውን ቅባት ስለሚያራግፍ የጉበት ኢንዛይም ነበር። በአንዱ ሳጥን ያሉትን አይጦች ኢንዛይም በመድኃኒት አገድን፤ የሌላውን አልነካንም። የታገዱት አይጦች የደም ቅባት ከበዛ የዶክተር የሁለት ዓመት ልፋት ፍሬ አፈራ ማለት ነው። ደሙ የሚቀዳው ግን፣ ምግብም ቅባቱን ስለሚያበዛ፣ በባዶ ሆዳቸው ነው።

መቅጃው ቀን የመስቀል ማግስት ዋለ። በበዓሉ አመሻሽ ዝናቡ አባርቶ ከየቤቱ የቅቤ ሽታ ይመጣል። ማንም አልጠራኝም፤ ሳይጠሩኝ ሰው ቤት መግባት ደግሞ ሞቴ ነው። ከሆቴል ቆጮና ክትፎ አስጠቅልዬ ቤተ ሙከራ ገባሁ። ብቻዬን ብጎርስ አልወርድ አለኝ። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ! ቅርቤ ካለው ሳጥን ያልታገዱት አይጦች አፍንጫቸውን በሽቦው አሹልከው ያዩኛል። መጾም እንዳለባቸው ጠፍቶኝ አይደለም። «ትንሽ ምን ታደርጋለች» ብዬ ቅቤ የጠጣ ቆጮ እየቆረስኩ አጎረስኳቸው። ያን ለት እንዴት ከፍቶኝ እንደነበር!

በማግስቱ ደማቸው ተቀዳ፤ ጉበታቸው እንዲመረመርም ተገደሉ። ውጤቱ ሲመጣ የሁለቱም ሳጥን ቅባት እኩል! «ለካ ስሳሳት ነው የኖርኩት» አሉ ዶክተር፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ሦስት ቀን ከፊታቸው እየሸሸሁ ቆየሁ። በአራተኛው አልቻልኩም።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በመስቀል ያልታገዱትን ቅቤ አብልቻቸዋለሁ።»

ያባርሩኛል ስል ትኩር ብለው አዩኝ። «መስቀልን ከአይጥ ጋር በላህ?»

«ማንም አልጠራኝማ።»

«በመስቀል ሰው ይጠራል እንዴ! ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። እናቴ ያንተን ድርሻ ከድና እስኪመሽ ስትጠብቅህ ነበር እኮ።»

ሥራውን ከሀ ጀመርነው። በሁለተኛው ዙር የታገዱት ቅባት በዛ፤ ዶክተር ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየመስቀሉ ሰተት እያልኩ ገባሁ፤ እናትየው እስኪያርፉ፣ ዶክተርም ወደ ሌላ ከተማ እስኪዛወሩ ድረስ። አሁን እኔም በመስቀል የአንድ ሰው ድርሻ ከድኜ በሬን ገርበብ አደርጋለሁ። እስካሁን የገባ የለም።

ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ክሊኒክ ደረስኩ። ነርሷ ክንዴን አስራ፣ «ጋሼ፣ ማታ እውነት ምንም አልቀመሱም?» አለችኝ።

«ማን አጉርሶኝ፣ ልጄ!» አልኳት።